ዘሃራ የበለዘች ቀን

ሪታየር ካደረግሁ ወዲህ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «እትዬ ሰብለ፣ ቤት ቁጭ ብለሽ ምን ትሠሪያለሽ?» ይለኛል። አወራለኋ! ሌላ ምን እሠራለሁ? ዕድሜ ልኬን ትንፋሽ ላጠራቸው ሰዎች «አይናገሩ፣ ትንፋሽዎን ይቆጥቡ» ስል ኖሬያለሁ። አሁን ተራው የእኔ ነው፤ አልቆጥብም!

«ነርስ ነበርሽ አይደል?» ይሉኛል ደግሞ። አልነበርኩም። ነርሶችን እወዳቸዋለሁ፣ ግን አልነበርኩም። የእኔ ሥራ ትንፋሽ ነው። አስም አንቆ የያዘውን፣ ተወልዶ ማልቀስ ያቃተውን ሕፃን፣ በመተንፈሻ ማሽን የሚኖረውን በሽተኛ ሁሉ የምንይዝ እኛ ነን። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ካርታ የሚጫወት ሰውዬ «ትንፋሽ ደግሞ ምን ባለሙያ ያስፈልገዋል? ሁሉም በነፃ ይተነፍስ የለም እንዴ?» አለኝ። «በነፃ የሚመስልህ እስኪያጥርህ ነው» አልኩት። ካርታውን ጣል አድርጎ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ፤ ከዚያ በኋላ ማን ይለቀዋል!

ኮለምበስ፣ ኦሃዮ የገባሁት በዲቪ ነው። እንደ አብዛኛው ሰው በዌርሃውስ፣ በዕቃ መጋዘን፣ ጀመርኩ፤ ሳጥን አነሳሁ፣ ስካን አደረግሁ፣ ወገቤን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። አንድ ቀን አጠገቤ የምትሠራ ልጅ አስም ተነሳባትና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁ። አምቡላንስ መጣ፤ አንዱ ሠራተኛ ጭምብል አፏ ላይ አድርጎ እንፋሎት የሚመስል መድኃኒት አስተነፈሳት፤ ዓይኔን ሳልነቅል እያየኋት ፊቷ ላይ ደም ተመለሰ። ወይ ጉድ! ያበድኩት ያን ጊዜ ነው። ሱፐርቫይዘሬ «ወደ ሥራሽ ተመለሺ» ይለኛል፤ እኔ እንደሆነ ሥራዬን አግኝቻለሁ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገባሁ፣ ፈተናውን ወድቄ ደግሜ አለፍኩ፣ ላይሰንሴን ያዝኩና ሆስፒታል ተቀጠርኩ። ደሞዙ ከዌርሃውሱ ይሻል ነበር፤ ወረቀቱ ግን አያልቅም። ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ አላወራም።

ያሠለጠነችኝ ዶና ናት። ዶና ነጭ ናት፣ ከደቡብ ኦሃዮ ተራሮች የመጣች። አባቷ ከሰል ቆፋሪ ነበር። የከሰሉ አቧራ ሳንባውን ጨርሶት፣ ከንፈሩ እየበለዘ ሲሞት ልጅ ሆና አይታለች። መበለዝ ስል ከንፈሩ፣ ጥፍሩ፣ ቆዳው ወደ ሰማያዊ ሲሄድ ማለቴ ነው፤ ደም ኦክስጅን ሲያጣ የሚያሳየው መልክ ነው። ስለዚህ ለዶና ይህ ሥራ ቀልድ አልነበረም፣ እኔንም በቀልድ አላሠለጠነችኝም።

ክፍል ስትገባ ለሞኒተሩ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። የእኔ ዓይን ወደ ቁጥሩ ሲሄድ ከያዘችው ስክሪኑን በመዳፏ ትከድነዋለች። «ቁጥሩ አልታመመም፣ የታመመው ሰውዬው ነው» ትላለች። ከዚያ የበሽተኛውን እጅ በሁለት እጆቿ ይዛ ታሞቃለች። ፍቅር የምትገልጽለት ይመስላል፤ አይደለም! እጅ ከቀዘቀዘ ደም ወደ ጣት አይደርስም፤ ጥፍር ይበልዛል፣ ጣት ላይ የምትቆነጥጠው የኦክስጅን መለኪያ ማሽንም ትቀባጥራለች። በኦሃዮ ክረምት ባስ ጠብቆ የመጣ ሰው ሁሉ ጥፍሩ የበለዘ ነው። ሞቆ ከቀላ ብርድ ነው፤ ሞቆ ካልቀላ ነገር አለ። ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ደግሞ «ተረጋጋ» ብላ አታውቅም። ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ ራሷ ከንፈሯን ሞጥሞጥ አድርጋ ቀስ እያለች ታወጣለች፤ ሰውዬው ሳያውቀው ይከተላታል። እኔ ራሴ በር ላይ ቆሜ ስከተላት እገኝ ነበር።

«የእኔ ዓይነቱ ሰው ጉንጩ ይናገራል» አለችኝ አንድ ቀን። «የእናንተ ቆዳ ግን ይደብቃል። ምላሱን አስነሺና ከሥሩ እዪ። ምላስ አይዋሽም።» ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በእኛ አገር ከምላስ በላይ ምን የሚዋሽ አለ! ግን እውነቷን ነበር። ከምላስ ሥር ያለው ሥጋ ጥቁር ሰው ላይም ነጭ ሰው ላይም አንድ ነው፤ ቀይ ከሆነ ቀይ ነው፣ ከበለዘ በልዟል።

ደም ከእጅ አንጓ ስትቀዳም አንዲት ጠብታ ጎዝ በሚባለው ነጭ የቁስል ጨርቅ ላይ ጣል ታደርጋለች። ኦክስጅን ያለው ደም ደማቅ ቀይ ነው። ኦክስጅን ያጣው ጠቆር ይላል፣ ግን አየር ሲነካው ይቀላል። «ሦስተኛውን ዓይነት ካየሽ ሩጪ» ትለኝ ነበር። ሦስተኛው ምንድን ነው ስላት፣ «ስታዪው ታውቂዋለሽ» ብላ ሳንድዊቿን ቆማ ትበላለች። ቁጭ ብላ ስትበላ አይቻት አላውቅም። ሦስተኛውን ሳላይ ዶና ጡረታ ወጣች፣ እኔም ለብዙ ዓመት ሳላየው ሠራሁ።

ሰው የሚበልዘው በብዙ በር ነው። አንዱ ሳንባ ነው፤ ሳንባ ምች፣ አስም፣ ሲጋራ የጨረሰው ሳንባ፣ ከእግር ተነሥቶ ሳንባ ውስጥ የሚወተፍ የረጋ ደም። እዚህ ላይ ኦክስጅን ትሰጣለህ፣ ቧንቧውን ትከፍታለህ፣ ምክንያቱን ታክማለህ። ሌላው በር ልብ ነው። አንድ አራስ ሕፃን ነበረ፣ ኦክስጅን ብንሰጠው ብንሰጠው አልቀላ አለ። ዶና «ሳንባው አይደለም፣ ልቡ ነው» አለች። እውነትም የልቡ ቧንቧዎች ተገላብጠው ነው የተሠሩት። በማህፀን ሳለ ክፍት የነበረች፣ ከተወለደ በኋላ የምትዘጋ ትንሽ መተላለፊያ አለች፤ እሷን የሚከፍት መድኃኒት በደም ሥሩ ገባ። ቀላ! ከእግሩ ጣት እስከ ግንባሩ ቀላ! እኔ ጮህኩ። አዎ፣ ሆስፒታል ውስጥ ጮህኩ። ዶና በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «ዝም በይ፣ ገና ቀዶ ሕክምና አለው» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። ልጁም ቀዶ ሕክምናውን አልፎ በእናቱ እቅፍ ወጣ።

ሁልጊዜ ግን አይሳካም። ጋሼ ይመርን አጣናቸው።

ጋሼ ይመር የወሎ ሰው ናቸው። ዌርሃውስ ስጀምር ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዱ ነበር፤ ሳጥን ሲከብደኝ ሳልጠራቸው የሚመጡ ሰው። ባለቤታቸው ዘሃራ፣ ብሌንደን ታውንሺፕ በሚባለው ሰፈር፣ እኔ ካለሁበት አፓርትመንት ማዶ ነው የምትኖረው፤ እንደ እህት ነን፤ በረመዳን ሾርባ ትልክልኛለች፣ በፋሲካ ድፎ እልክላታለሁ። በኮሮናው ወረርሽኝ ጊዜ ጋሼ ይመር ሳል ያዛቸውና እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ኢመርጀንሲ ሄዱ። ማሽኗ ጣታቸውን ቆንጥጣ ደህና ቁጥር ሰጠች። አልጋ የለም፣ ቁጥሩ ደህና ነው፣ ወደ ቤት ይመለሱ ተባሉ። እኔ ላይኛው ፎቅ ከሌላ በሽተኛ ጋር ነበርኩ፤ መምጣታቸውንም አልሰማሁም። ማሽኗ ጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ አድርጋ ልትናገር እንደምትችል ዛሬ ሁሉም ያወራዋል። ያኔ ግን ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት!

በአምቡላንስ ሲመለሱ ምላሳቸው ጠቁሮ ነበር። መተንፈሻ ማሽን ላይ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። በሆዳቸው አስተኛናቸው፣ ኦክስጅኑን እስከ ጥጉ ከፈትነው፣ ማሽኑን በየሰዓቱ አስተካከልኩት። ሳንባቸው እንደ እርጥብ ስፖንጅ ከብዶ አልከፈት አለ። ቤተሰብ መግባት ክልክል ስለነበር ታብሌቱን ፊታቸው ላይ ይዤ ቆምኩ። ዘሃራ በስክሪኑ «የሃያት አባት፣ ትሰማኛለህ?» ትላለች። ደጋግማ «ትሰማኛለህ?» ትላለች። ምስሉ ይወዛወዝባት ነበር፤ «አትነቅንቂው ሰብልዬ፣ ልየው» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ዘሃራ «ቁጥሩ ደህና ነው ብለው ነው የገደሉት፤ ሁለተኛ እዚያ ቤት እግሬ አይረግጥም» አለች። እኔም ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እንግዲህ ሪታየር ላደርግ ጥቂት ሲቀረኝ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሃያት ኮል አደረገችኝ። ሃያት የጋሼ ይመርና የዘሃራ አንድ ልጅ ናት፣ ደብሊን በምትባል የኮለምበስ ዳርቻ ከተማ ያለ ኦፊስ ትሠራለች። በማግስቱ ኒካሃዋ፣ የጋብቻ ውሏ፣ ነበር።

«እትዬ ሰብለ፣ ሥራ ላይ ነሽ? እማዬን ይዣት እየመጣሁ ነው። ሳምቡሳ ስትጠብስ ራሷ ዞረባት። መኪና ውስጥ እየጮኸችብኝ ነው፣ ሺ ኢዝ ሶ ማድ።»

ከበስተጀርባ የዘሃራ ድምፅ ይሰማኛል፤ «ዘይቱ እሳት ላይ ነው! መልሺኝ! ምንም አልሆንኩም!»

ኢመርጀንሲ ስወርድ ግርግር ነው። አንዲት ወጣት ነርስ ማሽኗን የዘሃራ ጣት ላይ ብታደርግ፣ አንዴ ዝቅ ያለ ቁጥር ትሰጣለች፣ አንዴ ጭራሽ አላነብም ትላለች። አፏን ስታስከፍታት ደግሞ ድዷ እስከ ጥርሷ ሥር ጥቁር ሰማያዊ ነው። ነርሷ ሰው ጠራች። የዕለቱ ሐኪም ዶክተር ኬሊ እየሮጠች መጣች። እኔ ይህን ሳይ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሳቄ መጣ!

«ድዷ ንቅሳት ነው!» አልኳቸው። «በእኛ አገር ሴት ልጅ ድዷን የምትነቀሰው ለውበት ነው። እጇን እዩት፣ ጥቁር ሂና እስከ ጥፍሯ ተቀብታለች፤ ማሽኗ በዚያ ውስጥ አታነብም። ነገ ልጇን ትድራለች።»

ሁሉም እፎይ አለ። ሃያትም «አያችሁ? ሺ ኢዝ ፋይን!» አለች፤ እናቷ ደህና እንድትሆን እንዴት እንደፈለገች ድምፅዋ ይናገራል። ዘሃራ «ምን አሉ?» አለችኝ።

«ድድሽን አይተው ሞታለች ብለው ነው።»

«ይኸውልሽ! በልጅነቴ በእሾህ ተወግቼ፣ አልቅሼ የተነቀስኩት ዛሬ ሬሳ አስመሰለኝ?» ብላ ሳቀች። አፏን ከፍታ፣ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። ምላሷ ተነሣ። ከሥሩ አየሁ።

ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ምላስ ማን ይነቀሳል? ማን ሂና ይቀባዋል? የዘሃራ ምላስ ከሥሩ በልዟል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። ባህላችን ነው ብለን ድዱን አለፍነው፣ ጣቱን አለፍነው፤ ዘሃራንም አብረን ልናልፋት ነበር። ማሽኗን ከጣቷ ነቅዬ ሌላ ዓይነቷን ጆሮዋ ላይ አደረግሁ፤ ጤነኛ ሰው ከዘጠና አምስት በላይ ነው። ሰማኒያ አምስት። ኦክስጅን በጭምብል ሙሉውን ከፈትኩ። ሰማኒያ አምስት። ጠበቅን፤ ንቅንቅ የለም። ዶክተር ኬሊ ሳንባዋን አዳመጠች፣ ንጹሕ ነው። ልቧን አየች፣ ደህና ይመታል። ዘሃራ ግን መሳቋን ትታ ግንባሯን ይዛለች፤ ንግግሯ መጎተት ጀምሯል።

«ደም ቅጂ» አለችኝ ዶክተሯ፣ ሌላ በሽተኛ ለማየት እየወጣች። ከእጅ አንጓዋ ቀዳሁ። ጠብታዋን ነጭ ጎዝ ላይ ጣል አደረግኋት።

ቡናማ! የቸኮሌት መልክ! አየር ላይ አውለበለብኩት፤ አልቀላም። ሦስተኛው! እናንተ ሆይ፣ ሦስተኛው ነው! ጎዙን ይዤ በዚያ ኮሪደር እንደ ልጅ ሮጥኩ። ዶክተር ኬሊ ገና ሲታያት ዓይኗ ፈጠጠ፤ የበሽታውን ስም እኩል ነው የጠራነው። ናሙናውን በልዩ ማሽን ሳስነብበው ያልነው ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦክስጅን የሚሸከመው ደም ውስጥ ያለው ብረት ነው። አንዳንድ ኬሚካል ያን ብረት ይለውጠዋል። ዌርሃውስ የሠራ ሰው ይገባዋል፤ ትራኩ አለ፣ መንገዱም ክፍት ነው፣ በሩ ግን ተቆልፎ ዕቃ አይጫንበትም። እንደ ድሮው የሚሠሩት ጥቂት ትራኮችም የያዙትን አላራግፍ ይላሉ። ስለዚህ የፈለግኸውን ያህል ኦክስጅን ብትሰጥ ሰውየው ይበልዛል። ዋናው ጥያቄ በሩን ማን ቆለፈው ነው።

«ምን መድኃኒት ትወስዳለች?» አለች ዶክተሯ።

«ወላሂ፣ እንኳን መድኃኒት ሳምቡሳዬንም አልቀመስኩም» አለች ዘሃራ።

ሃያትም «ምንም አትወስድም» አለች። ስለሚበላው፣ ስለሚጠጣው፣ ቤት ስለሚታጠብበት ፈሳሽ ጠየቅን፤ የሚያጠራጥር የለም። እኔ ዓይኔ ዘሃራ ላይ ነው። መዳፏን ግራ ጉንጯ ላይ ጭናለች፤ ከመጣች ጀምሮ አላነሳችውም።

«ዘሃራዬ፣ ጥርስሽ ምን ሆኗል?»

«ኧረ እሱ ቆየ! ሠርጉ ይለፍና እነቀላለሁ። እየቀባሁት ነው።»

«ምን እየቀባሽ?»

ከቦርሳዋ የተጨመቀ ቱቦ አወጣች። ከሱ ሥር ሌላ ነበረ፣ ከሱም ሥር ሌላ። ዶክተር ኬሊ አነበበችው፤ ቤንዞኬይን፣ ማደንዘዣ ነው፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛ። ብዙ ሰው ትንሽ ቀብቶ ምንም አይሆንም። ዘሃራ ግን ሰሞኑን ቀኑን ሙሉ በቆሰለ ድድ ላይ ስትለድፈው ነው የከረመችው። እና ለምን አልተናገረችም? ለእኛ መድኃኒት ማለት የሚዋጥ ወይ የሚወጋ ነው! የሚቀባ ምን መድኃኒት ነው? ቅባት ነው። እኔም ብሆን ያገሬን ሰው «ምን ትወስጃለሽ» ሳይሆን «ምን ትቀቢያለሽ» ብዬ መጠየቅ እንዳለብኝ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ሃያት ቱቦውን አየችው። «እኔ ነኝ የገዛሁላት» አለችና ግድግዳውን ተደገፈች።

መድኃኒቱ አለ፤ ሜቲሊን ብሉ ይባላል፣ የተቆለፈውን በር የሚከፍት። ግን ለሁሉም አይሰጥም። ዶክተር ኬሊ ዘሃራ ከሱ ጋር የማይስማማ የድብርት መድኃኒት እንደማትወስድ አረጋገጠች። በዘር የሚመጣ አንድ የደም ችግር ያለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ይኸው መድኃኒት ደማቸውን ያፈርሳል፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ ባቄላ ሲበሉ ይታመማሉ። እኔ አስተረጎምኩ፤ «ባቄላ በልተሽ ታመሽ ታውቂያለሽ?»

«ባቄላ?» አለች ዘሃራ፣ በዚያ ሁሉ ድካሟ። «የወሎን ልጅ ባቄላ አሞሽ ያውቃል ወይ ትያለሽ? በምን ያደግኩ መሰለሽ!»

ለማንኛውም ደሟን ቤተ ሙከራ ላክን፤ መጠበቅ ግን አይቻልም ነበር፣ እየደከመች ነው። ነርሷ መርፌውን ይዛ መጣች። ውስጡ ያለው ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ቀለም ነው የሚመስለው። ዘሃራ አየችውና እጇን ነጠቀች።

«ይኼ ምንድን ነው? ቀለም ነው የምትወጉኝ? የሃያትን አባት በቁጥር ገደላችሁት፣ እኔን ደግሞ በቀለም? አይሆንም! ሃያት፣ አንሺኝ!»

ሃያት «ማሚ፣ ፕሊስ! ፕሊስ!» እያለች ታለቅሳለች። ዶክተር ኬሊ ታስረዳለች፣ ዘሃራ አትሰማትም። እኔስ? ቁጥር ብነግራት እንዴት ታምነኛለች? ቁጥር ነው ባሏን ያሳጣት! በእሷ ቦታ ብሆን እኔም አላምንም ነበር። ስልኬን አውጥቼ ካሜራውን እንደ መስታወት ወደ እኛ አዞርኩና አልጋው ጫፍ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ምላስሽን አንሺ» አልኳት፣ እኔም የእኔን አነሣሁ። አስቡት እንግዲህ! ሁለት ትልልቅ ሴቶች ኢመርጀንሲ መሃል አፋችንን በልቅጠን! «የእኔን እዪ። የአንቺን እዪ። ቁጥር አልነገርኩሽም፣ በገዛ ዓይንሽ እዪ። ዘሃራዬ፣ ለጋሼ ይመር ያን ቀን ምላሳቸውን ያየላቸው አልነበረም። የአንቺን እኔ አይቻለሁ።»

ስልኩን ከእጄ ወሰደች። የራሷን አየች፣ የእኔን አየች፣ እንደገና የራሷን አየች። ከዚያ በሂና የጠቆረ እጇን ዘረጋች።

«አንቺ አጠገቤ ሁኚ» አለች።

መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ገባ። ይህን ቀድሜ ለሃያት መንገር ነበረብኝ፤ ቀለሙ ደም ውስጥ ሲገባ ማሽኗን ያደናግራታል። ሰማኒያ አምስት የነበረው ቁጥር ወደ ሰባዎቹ፣ ከዚያም ወደ ስልሳዎቹ ወረደ። ማንቂያው ይጮኻል። ሃያት «ኦ ማይ ጋድ፣ እየሞተች ነው!» ብላ ጮኸች። ተነሥቼ ስክሪኑን በመዳፌ ከደንኩት።

«ወደዚህ አትዪ! እናትሽን እያት!»

ሃያት ወደ እናቷ ዞረች። እኔም አየሁ። ዶክተር ኬሊም ነርሷም አዩ። ዘሃራ ምላሷን አንሥታ እንደ ሕፃን ታየናለች። ገና አልቀላም። ገና። ከዚያ ከዳር በኩል፣ ቀስ ብሎ፣ መልኩ መለስ ማለት ጀመረ። ቀላ! መሃሉ ቀላ! ሥሩ ቀላ! የእኔን ነገር ታውቁታላችሁ፣ ጮህኩ። የሚጎሽመኝ አልነበረም፣ ዶክተሯም አብራኝ ጮኸች።

«ራሴን ለቀቀኝ» አለች ዘሃራ። «ዓይኔ በራ። ዘይቱን ማን አጠፋው?»

ትንሽ ቆይታ ሽንት ቤት ገብታ «ሰብለ! አረንጓዴ ነው!» ብላ ስትጣራ፣ መድኃኒቱ በሽንት ሲወጣ እንደዚያ እንደሚሆን በበሩ በኩል ማስረዳት ነበረብኝ። «ሠርጌን አረንጓዴ አደረጋችሁት» እያለች ወጣች።

ሃያት ግን ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። ፊቷ አብጧል። «ቅባቱ መሆኑን አትንገሪያት፣ እትዬ። አባዬን ቁጥሩ፣ እማዬን እኔ። አይ ካንት፣ አልችልም።»

«ካልተነገራት ነገም ትቀባዋለች» አልኳት። «እኔ አልነግራትም። አንቺ ትነግሪያታለሽ።»

ዶክተር ኬሊ ዘሃራን በሚቀጥለው ቀንም አለቅም አለች፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ነገሩ ሊመለስ ይችላል። ሃያት «ኒካሃው ይቅር» አለች። ዘሃራ «ቀኑ የተቆረጠ ነው፣ አያልፍም» አለች። ጥርሷ ያለበት ጉንጯ አብጦ፣ የሆስፒታል ጋውን ለብሳ፣ ትእዛዝ ትሰጣለች! በመጨረሻ የቤተሰብ ማረፊያ ክፍሉን ለመንን፤ ጥቂት ሰው ይግባ ተባለ።

ቅዳሜ ዕረፍቴ ነበር፣ የሠርግ ልብሴን ለብሼ መጣሁ። ሃያት ነጭ ለብሳ የእናቷ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ገና ስገባ ተናገረችው።

«እማዬ፣ ያ የጥርሱ ነገር ነው ያሳመመሽ። እኔ የገዛሁልሽ። ሦስቱንም እኔ ነኝ።»

ዘሃራ ከትራሱ ቀና አለች።

«የገዛሽው አንቺ ነሽ» አለቻት። «በቀን አሥሬ የለደፍኩት እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት አልሄድም ብዬ ጥርሴን የደበቅሁ እኔ ነኝ። እያለቀስሽ በግድ መኪና ውስጥ የከተትሽኝ ግን አንቺ ነሽ። እንደ ፈቃዴ ብትተዪኝ ዛሬ ምን ነበር የምትለብሺው?» ከዚያ የሃያትን ፊት በሁለት እጇ ይዛ እንባዋን በአውራ ጣቷ ጠረገችላት። «ኩልሽን አበላሸሽው። ተነሺ፣ ሼሁ መጥተዋል።»

በዊልቸር ገፋኋት። ሼሁ፣ ሙሽራው፣ የጋሼ ይመር ወንድምና ሁለት ምስክሮች ተቀምጠዋል። ኦክስጅኑ ከጠዋት ጀምሮ ተነቅሎላታል። ሼሁ ቃሉን አስደገሙ፤ አጎትየው ሰጠ፣ ሙሽራው ተቀበለ፣ ዱዓ ተደረገ። ዘሃራ የዊልቸሩን የክንድ መደገፊያ ጨብጣ ቀጥ አለች። ደረቷ ተነሣ። እኔ ስንት ዓመት የሰው ደረት ስቆጥር የኖርኩ ሴት፣ እንደዚያ የሞላ ትንፋሽ አይቼ አላውቅም።

እልልልልልልልል! አለች። ክፍሉን አልፎ፣ ኮሪደሩን አልፎ፣ የነርሶቹ ጠረጴዛ ድረስ። አያልቅም! ሲያልቅ ነው ስል ይቀጥላል። ከንፈሯን አየሁ፣ ምላሷን አየሁ፤ ቀይ ነው። እንባዬ ወረደ። በሩ ተበርግዶ ያቺ ወጣት ነርስ የድንገተኛ ጋሪውን እየገፋች፣ ሌሎች ሁለት ከኋላዋ እየሮጡ ገቡ።

«ምን ሆነች? ምን ሆነች?»

«ምንም» አልኳት። «ተነፈሰች።»

ከኋላዬ ዘሃራ ለሁለተኛው እልልታ አየር ስትስብ ሰማኋት።